ለምሽቱ ቶክ ሾው ሬቲንግ መውረድ ተጠያቂው አቅራቢው ነው?

ጥያቄ፦ በፕራይም ታይም፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚተላለፍ የአንድ ሰዓት ቶክ ሾው እናዘጋጃለን። አቅራቢያችን በደንብ የሚታወቅ ሰው ነው፤ እንግዶቹም ስም ያላቸው ናቸው። ክሊፖቹ ኢንተርኔት ላይ ጥሩ ይታያሉ። ሬቲንጉ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁል እየሄደ ነው። የጣቢያው ኃላፊዎች አቅራቢውን ስለመለወጥ ማውራት ጀምረዋል። ችግሩ የት ነው ያለው?

ምላሽ፦ አቅራቢውን ለመለወጥ አትቸኩሉ። በዚህ ሰዓት ላይ የሚዳከም ቶክ ሾው አብዛኛውን ጊዜ የሚዳከመው ሰውየው ስላልቻለበት ሳይሆን፣ ተመልካቹ ዛሬ ማታ፣ በዚች ሰዓት፣ እዚህ ቻናል ላይ የሚገኝበት ምክንያት ስላጣ ነው። ተከታታይ ድራማ ትናንት አንጠልጥሎ የተወው ነገር አለ። የኳስ ጨዋታ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ለማየት አያጓጓም። ቶክ ሾው ግን ቢያመልጥም የሚቀር ነገር ያለ አይመስልም፤ ጥሩ ነገር ከተነገረበት ደግሞ ነገ ስልክ ላይ ይገኛል። ፕራይም ታይም ሁሉም ጣቢያ ያለውን ምርጥ ነገር የሚያወጣበት ሰዓት ስለሆነ፣ «ቢያመልጠኝም ግድ የለኝም» የሚባል ፕሮግራም ቀድሞ ይጎዳል።

ይህ ግን ጥቅል አባባል ነው። የእናንተ ፕሮግራም ተመልካቹን የቱ ጋ እንደሚያጣ የሚነግራችሁ ቁጥሩ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ሬቲንግ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ሁሉ መካከል ስንት በመቶው እናንተን እንዳየ ያሳያል። ሼር ደግሞ በዚያች ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈቱት መካከል ብቻ ያላችሁ ድርሻ ነው። 1000 ቤት ቢኖር፣ 600ው ቴሌቪዥን ቢከፍትና 60ው እናንተን ቢያይ፣ ሬቲንጋችሁ 6፣ ሼራችሁ 10 ነው። ሌላ ቀን 400 ቤት ብቻ ከፍቶ 48ቱ ቢያያችሁ ሬቲንጉ ወደ 4.8 ይወርዳል፤ ሼሩ ግን ወደ 12 ይወጣል። ሬቲንጉን ብቻ ያየ ሰው «ወረዳችሁ» ይላል፤ እናንተ ግን ካለው ተመልካች የበለጠውን ወስዳችኋል። ሰው ማታ ማታ ከቤት በሚወጣበት ወቅት የሚታየው መውረድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው የወረደው ሬቲንጉ ብቻ ነው ወይስ ሼሩም ጭምር የሚለው ነው። ሼሩ ካልተነካ ፕሮግራሙን አትንኩት።

ሼሩም ከወረደ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ሬቲንግ ማለት የእያንዳንዱ ደቂቃ ተመልካች ተደምሮ ለደቂቃዎቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ነው። ይህ አማካይ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል፦ ስንት ቤት ብቅ አለ፣ ብቅ ያለውስ ስንት ደቂቃ ቆየ። ከ1000 ቤት 100ው ብቅ ብሎ እያንዳንዱ በአማካይ 24 ደቂቃ ቢቆይ፣ በ60 ደቂቃ ፕሮግራም ላይ ሬቲንጉ 4 ይሆናል። 50 ቤት ብቻ መጥቶ 48 ደቂቃ ቢቆይም ሬቲንጉ ያው 4 ነው። ሁለቱ በሽታዎች ግን ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው ሰው መሳብ አላቃተውም፤ ይዞ ማቆየት ነው ያቃተው፤ መድኃኒቱ ያለው ስቱዲዮና ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለተኛው የመጣውን ሰው ይይዛል፤ ነገር ግን የሚመጣ የለም፤ እዚህ ላይ ስክሪፕት ማሻሻል ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ ሰዓቱ፣ ፕሮሞው (ፕሮግራሙን የምታስተዋውቁበት ማስታወቂያ) ወይም ከእናንተ በፊት ያለው ፕሮግራም ነው። አንዱን ሌላው መስሎ ማከም በዚህ ሥራ ውስጥ ዋናው የገንዘብና የጉልበት ብክነት ነው።

በብቅታና በቆይታ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ፕሮግራም ላይም አይጠፋም። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ባርባራ ዋልተርስ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር በነበራት ግንኙነት መነጋገሪያ የሆነችውን ሞኒካ ሊዊንስኪን ያነጋገረችበት፣ የአሜሪካው ኤቢሲ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1999 በፕራይም ታይም ያስተላለፈው ቃለ መጠይቅ በአማካይ 48 ሚሊዮን ገደማ ተመልካች ነበረው፤ ቢያንስ ከፊሉን ያዩት ግን ከ70 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። አገር ሁሉ ሲጠብቀው በነበረ ንግግር ላይ እንኳ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው አልቆዩም።

ከዚህ ቀጥሎ የቁጥሩን ስህተት ማወቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ባዶ ነገር እያሳደዳችሁ ትከርማላችሁ። ሬቲንግ የሚለካው በናሙና ነው። ናሙናው 1000 ቤት ከሆነና ሬቲንጋችሁ 3 ከተባለ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት እውነተኛው ቁጥር በ2 እና በ4 መካከል ያለ ነው። ማክሰኞ 3.2 የነበረው ረቡዕ 2.6 ቢሆን ምንም ላይሆን ይችላል። ወጣት ሴቶች፣ ወጣት ወንዶች እየተባለ ሲከፋፈል ደግሞ የናሙናው ቁራጭ ስለሚያንስ ስህተቱ ይሰፋል። የአንድ ምሽት ቁጥር ይዞ ስብሰባ የሚጠራ ጣቢያ ፕሮግራሙን በየሳምንቱ እያፈረሰ ይሠራዋል፤ ተመልካቹም ምን እንደሚጠብቅ ያጣል። የምታወዳድሩት የአራት ሳምንት አማካይን ከአራት ሳምንት አማካይ ጋር ይሁን።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከማነጻጸሪያነት አውጡት። ያ ሳምንት የሚለካው የማወቅ ጉጉትንና የማስታወቂያ ዘመቻውን ነው። መነሻችሁን ከአራተኛው ሳምንት ጀምራችሁ ያዙ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ወረድን» የሚለው አባባል ለሁሉም አዲስ ፕሮግራም ማለት ይቻላል ይሠራል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በደንብ ሊጠና የሚገባው የጄይ ሌኖ ነገር ነው። ሌኖ በአሜሪካው ኤንቢሲ የሌሊቱን «ዘ ቱናይት ሾው» ከ1992 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. መርቷል። ኔትዎርኩ በ2009 በሳምንት አምስት ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ማለትም የድራማ ቦታ በነበረው የፕራይም ታይም መጨረሻ ሰዓት፣ የራሱን ቶክ ሾው ሰጠው። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ቶክ ሾው መሥራት ከአንድ ሰዓት ድራማ ያነሰ ወጪ ይጠይቅ ስለነበር፣ ዝቅተኛ ሬቲንግም ያዋጣል ተብሎ ተሰላ። ሴፕቴምበር 14 በተላለፈው የመጀመሪያው ምሽት ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው፤ ሌሎቹ ጣቢያዎች አዲሶቹን ድራማዎቻቸውን ገና አልጀመሩም ነበር። ሲጀምሩ ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ወደ 5 እና 6 ሚሊዮን ወረደ። ለኔትዎርኩ ሒሳቡ አሁንም ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከእሱ ቀጥሎ ዜና የሚያስተላልፉት የየከተማው አጋር ጣቢያዎች ዜናቸው ተመልካች ስላጣ ጮኹ። ፕሮግራሙ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2010 የመጨረሻው ሆነ። ሌኖ ማርች 1 ወደ ሌሊቱ ፕሮግራሙ ተመልሶ እስከ ፌብሩዋሪ 2014 ድረስ ቆየ።

ሰውየው አንድ ነው፤ ቀልዱም በአብዛኛው ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ሌሊት ቶክ ሾው የሚያየው ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ሊተኛ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይቶ ቢያጠፋ አይቆጨውም፤ ተቀናቃኙም ጥቂት ነው። በፕራይም ታይም ግን ቤተሰቡ አንድ ሪሞት ይዞ ይነጋገራል፤ ሁሉንም የሚያስማማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታሪክ ያለው ነገር ነው። በዚያ ላይ ቀደም ሲል የተላለፉ ድራማዎችን ቀድቶ ወይም በስትሪሚንግ የሚያየው ሰው የሚያያቸው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የምትወዳደሩት ከሌሎች ቻናሎች ጋር ብቻ አይደለም። ድራማ ከስርጭቱ በኋላ ዘግይቶ ሲታይ ቁጥሩ ላይ የሚያገኘውን ጭማሪ ቶክ ሾው ብዙም አያገኝም፤ የትናንት ቶክ ሾው ተቀድቶ ሳምንት የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከእናንተ በፊት ያለውን ፕሮግራም መርምሩ። የምታነጻጽሩት ከሙሉ ፕሮግራሙ አማካይ ጋር ሳይሆን ከመጨረሻው ሩብ ሰዓቱ ጋር ነው። ያ ሩብ ሰዓት 8 ሬቲንግ ካለውና የእናንተ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት 4 ከሆነ ግማሹን ይዛችኋል። እሱ ወደ 6 ወርዶ እናንተ ወደ 3 ብትወርዱ አሁንም ግማሹን ይዛችኋል፤ የተበላሸው ከእናንተ በፊት ነው። ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ይታይ። ከስፖርት ቀጥሎ ስለ ቤተሰብ ሕይወት የሚያወራ ቶክ ሾው ቢመጣ፣ የወረሳችሁት ተመልካች ትልቅ ቢሆንም የእናንተ አይደለም፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፤ የእናንተ ተመልካች ደግሞ ቀድሞውኑ ሌላ ቻናል ላይ ታሪክ ጀምሯል።

አሁን ወደ ደቂቃው ኩርባ፣ ማለትም የተመልካቹ ብዛት በየደቂቃው ሲወጣና ሲወርድ ወደሚያሳየው መስመር። ከመለኪያ ድርጅቱ የሩብ ሰዓት ሳይሆን የየደቂቃውን መረጃ ጠይቁ፤ ከተቻለ የወጣው ተመልካች ወደየትኛው ቻናል እንደሄደ ወይም ቴሌቪዥኑን እንዳጠፋ የሚያሳየውን ዝርዝርም ጨምሩ። የ20 ክፍሎችን፣ ማለትም የአራት ሳምንት፣ ኩርባ አንድ ወረቀት ላይ ደርቡ። ከሥሩ የየምሽቱን ራንዳውን (የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል ዝርዝር) በደቂቃ ጻፉበት፦ መክፈቻ፣ የአቅራቢው ንግግር፣ ማስታወቂያ፣ እንግዳ አንድ፣ እያለ። በሌላ መስመር ተቀናቃኞቻችሁ በዚያች ደቂቃ ምን እያስተላለፉ እንደነበር አስገቡ። ሰው የወጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቁልቁለቱ ከሚታይበት ደቂቃ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚገኝ ወደ ኋላ እያያችሁ አንብቡ። ይህን አንድ ወረቀት የሠራ ቡድን ከየትኛውም አማካሪ ምክር በላይ ያውቃል።

በዚህ ወረቀት ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩት ቁልቁለቶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ከ1ኛው እስከ 4ኛው ደቂቃ ያለው ነው። የመግቢያ ሙዚቃ፣ የስፖንሰር ስም፣ ጭብጨባ፣ «እንደምን አመሻችሁ»፣ የዛሬ እንግዶች ዝርዝር። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዲት የምትረባ ነገር አልተነገረችም፤ ጎረቤት ቻናል ድራማ ላይ ግን ሰው ተገድሏል። ፕሮግራሙን ከምሽቱ ምርጥ 60 ወይም 90 ሰከንድ ጀምሩ፤ ሙዚቃውና ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከፊተኛው ፕሮግራም መጨረሻ እስከ እናንተ የመጀመሪያ ቃል ማስታወቂያ እንዳይገባ ከጣቢያው ጋር ተስማሙ። ከተቻለ ደግሞ ተቀናቃኞቹ ከሚጀምሩበት 5 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ፤ ሌላው ሲጀምር የእናንተ ተመልካች አንድ ነገር መሃል ላይ ይሁን።

ሁለተኛው የአቅራቢው የብቻ ንግግር ነው። ሌሊት 8 ወይም 10 ደቂቃ የሚሸከመው ቀልድ በፕራይም ታይም ከ3 እና ከ4 ደቂቃ በላይ ሲሄድ ተመልካች መልቀቅ ይጀምራል። የዕለቱን ዜና ያልሰማ ሰው ስለ ዜናው የሚነገረው ቀልድ አይገባውም፤ ልጆችም አዋቂዎችም አብረው በተቀመጡበት ቤት የማይገባቸው ሲበዙ ሪሞቱ ይነሳል።

ሦስተኛው የቃለ መጠይቁ ሦስተኛ ደቂቃ ነው። እንግዳው ሲገባ ኩርባው ትንሽ ቀና ይላል፤ ሰው ማን እንደመጣ ማየት ይፈልጋልና። ከዚያ «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን»፣ «እኔም ክብር ይሰማኛል»፣ ቀጥሎም «እስኪ ስለ ልጅነትዎ ይንገሩን» ይመጣል። ኩርባው የሚሰበረው እዚህ ነው። ተመልካቹ ሰውየውን አይቶታል፤ የጓጓለትን ነገር አሟልቷል፤ የሚቆይበት አዲስ ምክንያት አልተሰጠውም። ስም ያለው እንግዳ በር ድረስ ያመጣል እንጂ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ታሪኩ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ካሜራ ፊት አይገኝም። ከቀረጻው ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ከአዘጋጆቹ አንዱ እንግዳውን በስልክ 30 ወይም 40 ደቂቃ ያናግረው። ከዚያ ንግግር ውስጥ ሌላ ቦታ ያልተናገራቸው ሦስት ታሪኮች መውጣት አለባቸው፤ ካልወጡ ያ እንግዳ ግማሽ ሰዓት አይሰጠው፤ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ከሦስቱ ጠንካራውን መጀመሪያ አካባቢ አስቀምጡት። ብዙ አዘጋጆች ለመጨረሻ ይቆጥቡታል፤ በመጨረሻው ደቂቃ ግን የሚሰማው ከተረፈው ተመልካች ውጭ ማንም የለም። ሁለተኛውን ለግማሽ ሰዓቱ ድንበር አቆዩት፤ ምክንያቱን ከማስታወቂያው ጋር አብሬ እገልጻለሁ። ለአዲስ ፊልም ወይም አልበም የሚዞርን እንግዳ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ጣቢያዎች ላይ ካየነው በኋላ ማቅረብ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ወይ የመጀመሪያው እናንተ ሁኑ፣ ወይ ሌላ ርዕስ ላይ አናግሩት።

ማስታወቂያን በተመለከተ አቀማመጡ ከብዛቱ እኩል ይጎዳል። በሰዓቱ 16 ደቂቃ ማስታወቂያ አለ እንበል። በሁለት ቦታ 8 ደቂቃ ከማድረግ በአራት ቦታ 4 ደቂቃ ማድረግ ይሻላል፤ 8 ደቂቃ ውስጥ ሰው ሌላ ታሪክ ጀምሮ ይቀራል። የመጀመሪያው ከ12ኛው ደቂቃ በፊት አይግባ። ግማሽ ሰዓቱ ላይ በፍጹም አታድርጉ፤ ያን ጊዜ ሌሎች ቻናሎች አዲስ ፕሮግራም ይጀምራሉና ተመልካቹን በእጃችሁ አስረከባችሁት ማለት ነው። ከ27ኛው እስከ 33ኛው ደቂቃ አየር ላይ ያለው የእንግዳው ሁለተኛ ጠንካራ ታሪክ ይሁን። ወደ ማስታወቂያ ስትገቡ የሚባለው ነገርም ይለወጥ። «ከእረፍት በኋላ ከእንግዳችን ጋር እንመለሳለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለማንም ምንም ቃል አይገባም። «ቀረጻው ሊቋረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ማን እንደደወለለት ስንመለስ ይነግረናል» ቢባል ግን የሚጠበቅ ነገር አለ። ቃል የተገባው ደግሞ ወዲያው ስትመለሱ ይነገር፤ ሁለት ማስታወቂያ አሳልፎ የሚያስጠብቅ አቅራቢ በሁለተኛው ሳምንት አይታመንም።

ስለ ክሊፖቹ። ክሊፕ በብዛት መታየቱ ፕሮግራሙ እንደሚወደድ ያሳያል፤ ሬቲንግን ግን ሊጎዳውም ይችላል። ምርጧ 6 ደቂቃ ሙሉ ሆና ከስርጭቱ በፊት ወይም ስርጭቱ ላይ እያለ ከወጣች፣ ሙሉውን ሰዓት የሚጠብቅበት ምክንያት ያለው ሰው የለም። ከስርጭቱ በፊት የሚወጣው ከ30 ሰከንድ ያልበለጠ፣ ጥያቄውን ይዞ መልሱን ያላካተተ ይሁን። ሙሉው ክሊፕ በማግስቱ ይውጣ። የክሊፕ ተመልካች ለብቻው ተቆጥሮ ለብቻው ይሸጥ፤ ከሬቲንግ ጋር ደምራችሁ ለኃላፊዎች ብታቀርቡት የሚያምናችሁ የለም፤ የማስታወቂያ ከፋዩም ሁለቱን አንድ አድርጎ አይገዛም።

በሳምንት አምስት ቀን የሚለው ላይ በግልጽ መነጋገር አለብን፤ የእናንተ ዋናው ችግር እዚህ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። በምሽት ሁለት እንግዳ ማለት በሳምንት 10፣ በ40 ሳምንት 400 ሰው ነው። አንድ ሰዓት የሚያስቀምጥ ታሪክ ያለው 400 ሰው በዓመት ከየት ይመጣል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በጥሩዎቹ ያልፋሉ፤ በሦስተኛው ወር ጓዳው ባዶ ይሆናል፤ ሬቲንጉም በዚያው ይከተላል። በተቃራኒው ንግግር በፕራይም ታይም ጎልቶ የወጣባቸውን ጊዜያት ብታዩ የአንድ ምሽት ክስተት ሆነው ነው የመጡት። ኦፕራ ዊንፍሪ ከልዑል ሃሪና ከሜጋን ጋር ያደረገችውን ቃለ መጠይቅ ሲቢኤስ ማርች 7 ቀን 2021 ሲያስተላልፈው በአሜሪካ ወደ 17 ሚሊዮን ሰው አይቶታል፤ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር በዚያች ማታ ነበርና። በየዕለቱ ክስተት መፍጠር አይቻልም፤ በሳምንት አንድ ቀን ግን ይቻላል። ካለበለዚያም ርዝመቱን ቀንሱ። የብሪታንያው አቅራቢ ቴሪ ዎጋን በቢቢሲ ዋን ከ1985 እስከ 1992 በሳምንት ሦስት ምሽት ያቀረበው ፕሮግራም ከአንድ ሰዓት ያነሰና በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር። ቀጥታ ስርጭት ራሱ «አሁን መሆን አለብኝ» ለሚለው ስሜት አንድ ምክንያት ይሆናል።

ለውጥ ስታደርጉ አንድ በአንድ አድርጉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ አራት ሳምንት ጠብቁ። መክፈቻውንና የማስታወቂያ አቀማመጡን አስቀድሙ፤ ወጪ የላቸውም፤ ውጤታቸውም በደቂቃው ኩርባ ላይ ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ የእንግዳ ዝግጅቱ፣ ቀጥሎ የሳምንቱ ቀናት ብዛት። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለውጦ ቁጥሩ ከፍ ቢል እንኳ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

አቅራቢው ራሱ ችግር የሚሆንበት ጊዜ እርግጥ አለ። ማስረጃው በዚያው ወረቀት ላይ ነው። በ20ዎቹ ክፍሎች እንግዳው ማንም ይሁን ማን፣ አቅራቢው ብቻውን ሲናገር ኩርባው ይወርዳል፤ እንግዳው ሳይቋረጥ ሲያወራ ይረጋጋል፤ አቅራቢው መሃል ሲገባ እንደገና ይወርዳል። በተጨማሪም ሌላ ሰው ለአንድ ሳምንት ሲተካው፣ የፊተኛው ፕሮግራምና የእንግዶቹ ደረጃ ሳይለወጥ፣ የሚያዘው ተመልካች ከፍ ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች የአዲስ ፊት ጉጉት ስላለባቸው አይቆጠሩም። እነዚህ ሁለቱም ከታዩ ኃላፊዎቹ ትክክል ናቸው። ካልታዩ ግን ውል ከማፍረሳቸው በፊት ሰዓቱን ወይም የሳምንቱን ቀናት ብዛት ይቀይሩ፤ አዲስ አቅራቢ በዚያው ቦታ ላይ ቢቀመጥ ያንኑ ኩርባ ይወርሳል።